የጣና ስሌት ከማሳችን ይጀምራል
በጠዳ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር



ባሕረ ሐሳብ የተማርን ሁሉ እንደምናውቀው ወንበሩ ከተገኘ አበቅቴውና መጥቅዑ፣ ከእነርሱም አጽዋማቱና በዓላቱ ይገኛሉ። የዘመኑ ተመራማሪዎችም የባሕርንና የሐይቅን ሕይወት በኮምፒውተር የሚያሰሉበት ዘዴ አላቸው፤ ሞዴል ይሉታል። ወደ ውሃው የሚገባውን ብርሃን፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይዘው ረቂቃኑ የውሃ ዕፅዋት ምን ያህል እንደሚያድጉ፣ ከእነርሱም ለዓሣው ምን ያህል ምግብ እንደሚደርስ ያሰላሉ። ኤኮፓዝ የተባለው ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በሃዋይ ደሴቶች የባሕር ሕይወት ላይ ተጀምሮ፣ በኋላ ለጣናም ውሏል።

ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው። ወንዞች የሚያወርዱት አፈር በቀላሉ ያደፈርሰዋል። የደፈረሰ ውሃ ብርሃን አያሳልፍምና የዓሣው ምግብ መነሻ የሆኑት ረቂቃን ዕፅዋት እንደ ልብ አያድጉም። እምቦጭ ግን ተንሳፋፊ ነው፤ ብርሃኑን ከላይ፣ ከማሳ የታጠበውን ማዳበሪያ ከታች ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ የታየውም ከጎንደር ደጋ የሚወርደው መገጭ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አካባቢ ነው። ከጣና በቀር የትም የማይገኙ ዓሦችም በክረምት ወደ ወንዞች ወጥተው በጠጠር ላይ እንቁላል ይጥላሉ፤ ደለል ጠጠሩን ሲሸፍነው መራቢያቸው ይጠፋል።

የሐይቁ ዳር ወገኖቻችን እምቦጩን በእጃቸው ሲነቅሉ ዓመታት ተቆጥረዋል። እኛ ከላይ አፈሩን እየለቀቅን እነርሱ ከታች ቢደክሙ ድካሙ ማብቂያ የለውም።

በሁለቱ ስሌቶች መካከል አንድ ልዩነት አለ። በባሕረ ሐሳብ አበቅቴው በየ19 ዓመቱ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ዝናብና ጎርፍ ግን እንዲህ ያለ ቀመር የላቸውም፤ በየዓመቱ ካልተለኩ ሞዴሉ የሚያሰላው አያገኝም።

ስለዚህ ከየሰበካው ሁለት ነገር እንለምናለን። አንደኛ፣ በደብሩ ቅጽር የዝናብ መለኪያ ይተከል፤ ቀን መቁጠርና መመዝገብ የለመደ አንድ ካህን ወይም ዲያቆን በየማለዳው ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ከመጪው ክረምት በፊት ቦረቦሩ በእርከን ይገደብ፣ የወንዙም ዳር ሳይታረስ ለሣርና ለዛፍ ይተው። በደብሮቻችን ዙሪያ አባቶች ያቆዩልን ደን አፈርን እንዴት እንደሚይዝ በዓይናችን እናያለን፤ ያንኑ ወደ ወንዙ ዳር እናውርደው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።