ሠራተኛ መስላኝ ነበር

(በማቢላ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ለተሰበሰቡ እህቶች የተደረገ ንግግር)

እህቶቼ፣ ማዳማችሁን ለምናችሁ፣ ለታክሲ ከፍላችሁ ስለመጣችሁ ብዙ አላቆያችሁም። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ነው።

ስለ ቀለም ተናገሪ ተብያለሁ። ይህ ነገር ያልደረሰባት እዚህ የለችም። ሱቅ ስንገባ ባለሱቁ እጅ እጃችንን ያያል። ኤጀንሲው ደመወዛችንን የሚቆርጠው በሥራችን ሳይሆን በፓስፖርታችን ነው። ይህን ሁላችሁም ስለምታውቁት አልደግመውም። እኔ የምነግራችሁ ራሴ ያደረግሁትን ነው።

ማቢላ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት ማዳም ምግብ በሳህን አድርጋ ወደ ጎረቤት ላከችኝ። በሩ ላይ አንዲት ሴት ቆሻሻ ስትጥል አገኘሁ። ከእኔ ትጠቁራለች፤ ራሷ ላይ ሻርፕ ጠምጥማለች። ሰላም እንኳ ሳልላት፣ በዚያ በተሰባበረ ዓረብኛዬ «አንቺ፣ ማዳምሽ አለች?» አልኳት። ፈገግ ብላ «ማዳሟ እኔ ነኝ» አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ! እሷ ግን ሳህኑን ተቀብላ፣ አስቀምጣኝ ቀዝቃዛ ውሃ ሰጠችኝ።

የተወለደችው ዛንዚባር ነው። ከዓረብኛው ይልቅ ስዋሂሊው ይቀላታል። ኋላ ስንግባባ ታሪኩን ነገረችኝ። ከ180 ዓመት በፊት ገደማ የኦማኑ ሱልጣን ሰዒድ ቢን ሱልጣን መቀመጫቸውን ከሙስካት ወደ ዛንዚባር አዛውረው ነበር። ብዙ ኦማናዊ ተከትሏቸው ሄደ፣ የቅርንፉድ እርሻ ያዘ፣ እዚያው ተጋብቶ ወለደ። እርሻውን የሚሠሩት በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ነበሩ፤ ይህም መነገር አለበት። እ.ኤ.አ. በጥር 1964 አብዮት ሲነሳ ብዙ ዓረቦች ተገደሉ፣ የቀሩትም ተሰደዱ። ከ1970 ወዲህ ሱልጣን ቃቡስ በውጭ ያሉትን ወደ አገራቸው ሲጠሩ ብዙዎቹ መጡ። «እዚያ ዓረብ ነሽ ብለው አባረሩን፣ እዚህ ደግሞ አፍሪካዊ ነሽ ይሉኛል» አለችኝ። እኔ ደግሞ ሠራተኛ ብዬ ጨመርኩላት።

ለመሆኑ ይህን ማን አስተማረኝ? ዓረብ አላስተማረኝም። ከአገሬ ይዤው ነው የመጣሁት። እኛ ሰፈር ሙሽራ ስትመረጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ቀይ ናት?» ተብሎ ነው። ከጋምቤላ የመጣ ተማሪ በምን ስም ይጠራ እንደነበር እናንተም ታውቃላችሁ። ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ቃሉ ግን ከአፋችን አልወጣም። እዚህ ደርሰንም ከኡጋንዳ የመጣችውን ልጅ «አፍሪካዊቷ» እንላታለን። እኛስ ከየት ነን? ባንጋሊው ሹፌር ሲያልፍ አፍንጫችንን እንይዛለን፤ እሱም እንደኛው ለልጆቹ ብር የሚልክ አባት ነው።

ዘኍልቍ ምዕራፍ 12ን ቤታችሁ ስትገቡ አንብቡት። ማርያም፣ የሙሴ እህት፣ ሙሴ ስላገባት ኢትዮጵያዊት ሴት አምታ ተናገረች። እግዚአብሔርም ተቆጣ፤ ቆዳዋም በለምጽ እንደ በረዶ ነጣ። በሰው ቆዳ የመጣችው በገዛ ቆዳዋ አገኘችው። የዳነችው ወንድሟ ስለለመነላት ነው።

የሚሰድቧችሁንስ? እኔ ያለሁበት ቤት ትንሹ ልጅ አንድ ቀን «ዓብዳ» አለኝ፣ ባሪያ ማለቱ ነው። አያቱ ሰምተው ጆሮውን ቆነጠጡትና፣ የመጀመሪያው አዛን ያሰማው ቢላል ሐበሻ እንደነበረ ነገሩት። ከዚያ ወዲህ አልደገመውም። እርግጥ ሁሉም ቤት እንዲህ ያለ አያት የለውም። ቢላልን ግን ሁሉም ቤት ያውቀዋል፤ በቀስታ ብታነሱት አትጎዱም። ነገሩ ከስድብ አልፎ እጅ ከተነሳባችሁ ግን ዝም አትበሉ። የፖሊስ ቁጥር 9999 ነው፤ ስልካችሁን ቢወስዱባችሁ እንኳ እንዳይጠፋችሁ በቃላችሁ ያዙት።

ያቺን ጎረቤቴን ይቅርታ ለመጠየቅ ሦስት ወር ፈጀብኝ። ስጠይቃት ረስታው ነበር፤ ወይም የረሳች መሰለች።

ቡናው ደርሷል መሰለኝ። በሩ አጠገብ የቆመችው ልጅ ከኡጋንዳ ናት፣ ከጓደኛዋ ጋር ነው የመጣችው። እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉላት።