ውሃው ከመምጣቱ በፊት

(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ቀን የተደረገ ንግግር)



የማኅበሩ ሰዎች ደውለው «ስለ ሥራሽ ትንሽ ተናገሪ» ሲሉኝ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት አሁን ስለምሠራበት ክፍል ለማውራት ነበር። ኋላ ግን ጎንደር ላይ ቆሜ፣ ክረምት ደጃፍ ላይ ሆነን፣ ስለ ጣና ዳር ውሃ ሳልናገር ብወርድ የሚታዘበኝ ሰው ያለ መሰለኝ። ያ ሰው ማን እንደሆነ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ይህ ቤት ለምን እንደተከፈተ ሁላችንም አንደኛ ዓመት ላይ ተነግሮናል። ግማሻችን እያንቀላፋን ነው የሰማነው። ደምቢያ ሜዳ ላይ ወባ ተነሥቶ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ፤ በ1947 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ጤና ኮሌጁ እዚህ ተከፈተ። ጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና ሳኒታሪያኑ አብረው ተምረው አብረው ወደ ገጠር እንዲወርዱ ታስቦ ነው። እንግዲህ ትምህርት ቤታችን የተወለደው ውሃ ከሚተኛበት ሜዳ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ወደ 1998 ዓ.ም. ልውሰዳችሁ። ያን ክረምት የማያስታውስ የለም። ሐምሌ 30 ለሊት ድሬዳዋ ላይ ደቻቱ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ወሰደ። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይገበያይበታል። ዝናቡ የዘነበው ላይ፣ ተራራው ላይ ነበር፤ ከተማው ተኝቶ ነበር። ብዙ ሳይቆይ ኦሞ ወንዝ ዳሰነች ላይ ወጥቶ ከ300 በላይ ሰው ሞተ። እኛም ጋ ርብና ጉማራ ሞልተው፣ ጣናም ከዳርቻው ወጥቶ፣ የፎገራና የሊቦ ከምከም ሜዳ ባሕር ሆነ።

እኔ ያኔ ተመርቄ ብዙም አልቆየሁም። ከምሠራበት ሆስፒታል ለክረምቱ ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ተልኬ ነበር፤ ስሙን አልጠራም። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ አንዲት የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ለምርመራ መጣች። የመጀመሪያ ልጇ ነው። ቤቷ ከጤና ጣቢያው በእግር ሁለት ሰዓት ይሆናል። መረመርኳት፤ ደም ግፊቷ ደህና፣ የፅንሱ ልብ ደህና። «ምጥ ሲጀምርሽ ቶሎ ነይ» ብዬ ሸኘኋት። ሁላችንም የምንለው ነው፤ መጽሐፉም የሚለው ነው።

በር ላይ የነበሩት ዘበኛ፣ ሽማግሌ ሰው፣ ሰምተውኝ ኖሮ «ዶክተር፣ ልጄ፣ ምጥ ሲጀምራት በየት በኩል ትምጣ? ርብ ዘንድሮ ቀለሙ ደስ አይልም» አሉኝ። ሳቅሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሳቅሁ። ሁለተኛም ጊዜ መጥተው «መድኃኒቱን ከወለሉ አንሡት፤ በፊት እዚህ ድረስ ደርሷል» ብለው ግድግዳው ላይ በጉልበታቸው ልክ አሳዩኝ። ይህን እንኳ ሰማሁ፤ ግን የሠራሁት ደብዳቤ መጻፍ ነው። ዕቃውን ከፍ ወዳለው ትምህርት ቤት ለማዛወር ፈቃድ ጠየቅሁ። መልሱ ሳይመጣ ውሃው መጣ።

ካርቶን ሙሉ ኦአርኤስ ጭቃ ሆነ። የክትባት ማቀዝቀዣው ተንሳፈፈ። ይሄ ሁሉ ይተካል። ያቺ ሴት ግን ምጥ ጀመራት። ቤተሰቧ በታንኳ፣ ከዚያ በቃሬዛ፣ ከዚያ ደግሞ በታንኳ አድርገው በሁለተኛው ቀን አደረሷት። እሷን አተረፍናት፤ ልጁ ሞቶ ነበር። ባሏ አልወቀሰኝም። «ውሃው ነው» አለ። ዘበኛውም ምንም አላሉ፤ መጋረጃውን ይዘውልኝ ቆሙ። የሚታዘበኝ ሰው ያልኳችሁ እሳቸው ናቸው።

ውሃው ነው? እኔ እስከ ዛሬ እንደዚያ ማለት አልሆነልኝም። ውሃው እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው በር ላይ ነበር። የመውለጃዋ ጊዜ ካርዷ ላይ ነበር። ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ነው የጠፋው፤ ያ ሰው እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ ጎርፍን እንደ አንድ በሽታ ነው የማየው፤ የራሱ አካሄድ አለው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚገድለው መስጠም ነው። በቀናት ውስጥ ሽንት ቤቱና የውሃ ጉድጓዱ ይቀላቀላሉና ተቅማጥ ይመጣል፤ እባብም ደረቅ መሬት ፍለጋ ሰው ቤት ይገባል። በሳምንታት ውስጥ ውሃው ሲሸሽ ጥሎት የሄደው ኩሬ የትንኝ መራቢያ ይሆንና፣ ሰው «አለፈልን» ባለበት በመስከረምና በጥቅምት ወባ ይነሣል። በወራት ውስጥ ደግሞ ረኃቡ ይመጣል። የዚህ አገር ሐኪም ሊረሳው የማይገባ ነገር አለ፦ ጓያ። ጓያ ውሃ የተኛበትን መሬትም ድርቅንም ይችላል። ሌላው ሰብል ሲበላሽ እሱ ይተርፋል፤ ለወራት እሱን ብቻ የበላ ሰው እግሩ ይሽመደመዳል። ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት የምናየው ሽባ ወጣት የዘንድሮ ጎርፍ ታካሚ ሊሆን ይችላል።

«ታዲያ ሰዉ ለምን አይነሣም?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። የፎገራን ገበሬ ጠይቁት። ሩዙ የበቀለው በዚያ ውሃ ነው። ውሃው ሲሸሽ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል። ደለሉ ማዳበሪያው ነው። የሚገድለውም የሚያበላውም አንድ ውሃ ነውና «ተነሥ» ማለት ብቻውን ምክር አይሆንም። ርብ ላይ ግድብ ተሠርቷል፤ መልካም ነው። ግን ርብም ጉማራም የሚነሡት ከጉና ተራራ ነው፤ የጉና አፈር እየታጠበ ወርዶ የወንዙን ወለል ከፍ ያደርገዋል፤ ወለሉ ከፍ ያለ ወንዝ ደግሞ በትንሽ ዝናብም ይወጣል። እርከኑ የሚሠራው ፋርጣ ላይ ነው፤ የሚድነው ፎገራ ላይ። ይህን የሚያስታርቀው የግብርናና የምሕንድስና ሰው ነው፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አላችሁ።

ለእኛ ለጤና ሰዎች የሚቀረው ትንሽ ነው፤ ትንሽ ስለሆነ ግን የምናመካኝበት የለንም። በኋላ በሠራሁባቸው ወንዝ ዳር ቦታዎች ያደረግነውን ልንገራችሁ። በሰኔ መዝገቡን ከፍተን ከሐምሌ እስከ መስከረም የሚወልዱትን እናቶች ስም እናወጣለን፤ ቤታቸው ውሃ የሚዘጋውን ለይተን መውለጃቸው ሳይደርስ ወደ እናቶች ማቆያ እናመጣለን። የኤችአይቪ፣ የቲቢ፣ የስኳርና የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስዱትን መንገዱ ሳይዘጋ የሚበቃቸውን አስቀድመን እንሰጣለን። የውሃ ማከሚያውንና አጎበሩን ከጎርፉ በኋላ ሳይሆን በፊት በየቀበሌው እናደርሳለን። የ1998ቱ ውሃ የደረሰበትን ሽማግሌዎች እንዲያሳዩን ጠይቀን ግድግዳው ላይ በቀለም እናሰምራለን፤ ከዚያ መስመር በታች ምንም ዕቃ አይቀመጥም። የላይኛው አገር ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከባድ ዝናብ ስታይ ለታችኛዋ ትደውላለች። ይህ ሁሉ ያስወጣን የቀለም፣ የስልክ ካርድና የእህል ወጪ ነው።

ሁልጊዜ ተሳክቶልናል? አልተሳካም። አንዳንዷ እናት «ቤቴን፣ ከብቶቼን ለማን ጥዬ» ትላለች። ልክ ናት። ማቆያው ውስጥ ምግብ ካልኖረ ደግሞ የመጣችውም ትመለሳለች። አንድ ክረምት ስንቅ አልቆብን ሦስት እናቶች በሳምንታቸው ሄደውብናል። ደግነቱ ያን ዓመት ውሃው አልበረታም። ዕድል ነው፣ ሥራ አይደለም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናለሁ። መምህሮቼን፦ ተማሪዎቹ በቡድን ወደ ገጠር ሲወርዱ አንዱ ሥራቸው ይህ ይሁን። ከሽማግሌዎች ጋር ሆነው ውሃ የሚደርስበትን ካርታ ይሣሉ፤ ከእናቶች መዝገብ ጋር ያገናኙት። የጂኦግራፊና የምሕንድስና ተማሪም አብሯቸው ይውረድ። ሰባኒታሪያኑና ነርሷ አብረው እንዲወርዱ ያሰቡት መሥራቾቻችን ዛሬ ቢኖሩ ይህን የሚጠሉት አይመስለኝም።

ጓደኞቼን ደግሞ፣ በተለይ ውጭ አገር ያላችሁትን፦ በየዓመቱ ለዚህ ግብዣ ከምናወጣው ላይ ቀንሰን ለሜዳው ጤና ጣቢያዎች የክረምት ስንቅ እንግዛ። የአንድ ማቆያ እናቶችን ከሐምሌ እስከ መስከረም መመገብ ለአንድ የትምህርት ክፍል ምሩቃን ከባድ አይደለም። እኔ የራሴን ክፍል ተማሪዎች ስም ይዤ መጥቻለሁ፤ ከመድረክ ስወርድ በር ላይ ታገኙኛላችሁ፤ ሳይከፍል የሚያልፍ የለም።

ዘበኛው ዛሬ በሕይወት የሉም። ጡረታ ሲወጡ ልሰናበታቸው ሄጄ ያን ቀን ስለሳቅሁባቸው ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «ምኑን?» አሉኝ፤ አላስታወሱትም። «ይልቅ አሁን መድኃኒቱን የት አስቀመጣችሁት?» ብለው ጠየቁኝ። «ከመስመሩ በላይ» አልኳቸው። «እንዲያ ነው» አሉ።