ብርሃን የሚለካው ሙቀት

በቆርቆሮ ቀዳዳ በገባ የፀሐይ ጨረር ውስጥ አቧራ ሲንሳፈፍ አይታችኋል፤ ያለ ጨረሩ አይታይም ነበር።

የፀሐይን ዓይነት ኃይል ለማመንጨት የሚጥሩ ተመራማሪዎች ጋዝን በማግኔት ይዘው በሚሊዮን ዲግሪዎች ያግሉታል፤ ፕላዝማ ይሆናል። ቴርሞሜትር ቢገባበት ይቀልጣል። ስለዚህ ከዓይን ጥቅሻ እጅግ የፈጠነ የሌዘር ብልጭታ ይልካሉ። በፕላዝማው ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖችም፣ እንደ አቧራው ሁሉ፣ ብርሃኑን ይበትኑታል። የተበተነው ብርሃን የቀለም ስርጭቱ በሰፋ ቁጥር ሙቀቱ ከፍተኛ ነው፤ በደመቀ ቁጥር ኤሌክትሮኖቹ ብዙ ናቸው።

እንደ ፈረንጆቹ በ1969፣ በቀዝቃዛው ጦርነት መሐል፣ የእንግሊዝ ሳይንቲስቶች ሌዘራቸውን ይዘው ሞስኮ ገቡ። ቲ-3 በተባለው የሶቪየቶች ፕላዝማ መያዣ መሣሪያ ውስጥ ያለውን፣ ብዙዎች የተጠራጠሩትን ሙቀት ለኩ፤ 10 ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ! በጠላትነት በሚተያዩ አገሮች መካከል እንዲህ ያለ መተማመን እስካሁን ልቤን ይነካዋል። ከዚያ በኋላ ሌሎች አገሮችም ቶካማክ የተባለውን ይህንኑ ዓይነት መሣሪያ መሥራት ጀመሩ።