ኮሌጅ ገብቶ የአገርን ተፈጥሮ ስለ መማር



እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ዘንድሮ ትምህርታችንን ፈጽመን ልንለያይ ነው። ኮሌጅ ገብተን ምን እንደምንማር ስንጠየቅ፣ «ስለ አራዊትና ስለ ዕፀዋት» ያልን እንደ ሆነ ይሳቅብናል። «የዝንጀሮን ነገርማ እረኛውስ ያውቀው የለምን?» ይሉናል። እውነት ነው፤ ጭላዳ በየትኛው ገደል እንደሚያድር ከእረኛ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ነገር ግን እረኛው አልጻፈውም።

የጻፈው ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1830ዎቹ ወደ ሰሜን ተራሮች መጥቶ ዋልያን፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ለሳይንስ አስታወቀ። በሰጣቸው የላቲን ስሞች ውስጥ ዋልያ ዋልያ፣ ጭላዳም ጭላዳ ተብለው ይገኛሉ፤ ቀይ ቀበሮም በሰሜን ስም ይጠራል። እንግዲህ ስሙን የነገሩት ያገሩ ሰዎች ናቸው ማለት ነው፤ መጽሐፉ ግን የእንግዳው ሆነ።

ከዚህ ከአዲ አርቃይ ሙቀት ተነሥቶ ሊማሊሞን የወጣ ሰው ደባርቅ ሲደርስ ጋቢ ይፈልጋል። ከዚያም በላይ አስታው፣ ጓሳውና ጅባራው ይከተላል፤ የራስ ደጀንም ከፍታ 4,550 ሜትር ያህል ነው። ለተፈጥሮ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ቤተ ሙከራ ወዴት ይገኛል?

«እንጀራ ይሆናል ወይ?» ለሚሉን ወላጆቻችን ዶክተር አክሊሉ ለማን እንጠቅሳለን። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች በእንዶድ እንደሚጠፉ ያወቁት ከዚህ ተነሥተው ነው። እናቶቻችን የሚያጥቡበት ያው እንዶድ!

የሰሜን ተራሮች ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ተቋቁሞ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ1989 ዓ.ም. አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተቈጠረ፤ ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የግጭ ሰዎች ቀያቸውን ለቀው ደባርቅ ሰፍረዋል። የዋልያው ቍጥር ግን በቅርብ ዓመታት እንደገና ቀንሷል። ግጦሹ ስንት ከብት ይችላል? ገበሬውስ ምን ይብላ? ይህን ጥያቄ ገብስ የዘራና ከብት የጠበቀ የገበሬ ልጅ ቢያጠናው ከማንም ይልቅ የሚገባው ይመስለናል።

ስለዚህ ከእኛ መካከል ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ፣ ወንዶ ገነትም ስለ ደን ለመማር የሚሹ አሉና አትከልክሏቸው። እስከዚያው ግን ማታ ማታ የምታውቋቸውን ዕፀዋት በስማቸውና በጥቅማቸው ንገሩን፤ እኛ ደብተር አዘጋጅተናል።