የአንድን ከተማ ሮክ ማን ይተርከው?
(ለዘጋቢ ፊልም ባለሙያዎች ዐውደ ጥናት የቀረበ የመክፈቻ ንግግር)



ይህ ዐውደ ጥናት የሚመክረው የአንድን ከተማ የሮክ ሙዚቃ ታሪክ የሚተርኩ ዘጋቢ ፊልሞች ማንን አጉልተው፣ ማንንስ አደብዝዘው እንደሚያሳዩ ነው። ብዝኃነት ሲባል በሙዚቃው ውስጥ በእርግጥ የነበሩት ሰዎች በጾታ፣ በዘርና በኑሮ ደረጃ መለያየታቸው ሲሆን፣ ውክልና ደግሞ ይህ ልዩነት በፊልሙ ውስጥ የሚያገኘው ቦታና ክብደት ነው፤ ሁለቱ አብረው ይነሡ እንጂ አንዱ ባለበት ሁሉ ሌላው አይገኝም።

የአሜሪካዋ የሲያትል ከተማ ታሪክ ጉዳዩን በሚገባ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በዚያ የበቀለው፣ የፓንክን ቁጣ ከሄቪ ሜታል ከባድ የጊታር ድምፅ ጋር ያዋሐደው ግራንጅ የተባለው ስልት፣ ኒርቫና የተባለው ባንድ በ1991 «ኔቨርማይንድ» የተሰኘውን አልበም ካወጣ በኋላ በዓለም ሲናኝ፣ አብሮት የተሠራጨው ጸጉራቸውን ያስረዘሙ ነጭ ወጣት ወንዶች ምስል ነበር። እውነታው ግን ከዚህ ይሰፋል። በ1984 ከድምፃዊው ክሪስ ኮርኔል ጋር ሳውንድጋርደን የተባለውን የግራንጅ ባንድ ከመሠረቱት መካከል ጊታሪስቱ ኪም ታይል የሕንዳውያን ወላጆች ልጅ ሲሆን፣ ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ሂሮ ያማሞቶ ደግሞ የጃፓን ዝርያ ያለው አሜሪካዊ ነው፤ ከሦስቱ መሥራቾች ሁለቱ ሥረ መሠረታቸው ከእስያ ነበር ማለት ነው።

ይበልጥ የሚያስቆጨው የቲና ቤል ታሪክ ነው። ይህች ጥቁር አሜሪካዊት በ1983 የተመሠረተው የባም ባም ባንድ ድምፃዊት የነበረች ሲሆን፣ ኋላ ከሳውንድጋርደንና ፐርል ጃም ከተባለው ባንድ ጋር ስሙ የገነነው ድራመር ማት ካሜሮን ከባንዱ ቀደምት አባላት አንዱ ነበር፤ ባም ባም በ1984 ሥራውን የቀረጸው ሪሲፕሮካል በተባለ ስቱዲዮ ሲሆን፣ ኒርቫናም ከዓመታት በኋላ «ብሊች» የተሰኘውን የመጀመሪያ አልበሙን የቀረጸው ይህንኑ ስም በያዘ ስቱዲዮ ነው። እንዲህም ሆኖ ስሟ ሳይነሣ ብዙ ዘመን አልፎ፣ በስፋት መነገር የጀመረው በ2012 ካረፈች በኋላ ነው። በዚያው ዓመት ልጇ ቲ ጄ ማርቲን ከዳንኤል ሊንድሴይ ጋር ባዘጋጀው «አንዲፊትድ» በተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ኦስካር ተሸልሟል፤ ልጁ በዘጋቢ ፊልም ሲሸለም የእናቱ ታሪክ ግን ሳይተረክ መቆየቱን የዚህ ሙያ ሰዎች ቆም ብለው ሊያስቡበት ይገባል።

በእርግጥ ዳይሬክተሩ ዳግ ፕሬይ በ1996 ያቀረበው «ሃይፕ!» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ገበያው በከተማዋ ላይ ያስነሣውን ግርግር ከመተቸቱም በላይ፣ ሰቨን ዪር ቢችንና ፋስትባክስን የመሳሰሉ ሴቶች ያሉባቸውን ባንዶች መድረክ ላይ በማሳየቱ ሊመሰገን ይገባዋል።

ይሁንና እንደ ቲና ቤል ያሉ ሰዎች ይዘነጋሉ፤ መዘንጋቱም አብዛኛውን ጊዜ ከክፋት ሳይሆን ከአሠራር ይመነጫል። ዳይሬክተሩ ሥራውን የሚጀምረው ከተረፈ ማኅደር፣ ማለትም ከድሮ ቪዲዮ፣ ከፎቶግራፍ፣ ከሸክላና ከካሴት ሲሆን፣ የተደራጀ ማኅደር የሚኖረው አሳታሚ የነበረው ባንድ ነው፤ ገንዘብ የሚሰጠው አካል የታወቀ ስም ይፈልጋል፤ የታወቀውም ሰው የሚያነሣው ጓደኞቹን ነው። በዚህ ምክንያት አንድ ጊዜ የተረሳ ሰው በእያንዳንዱ አዲስ ፊልም እንደገና ይረሳል።

ከዚህም የረቀቀው በቃለ መጠይቁ ወንበር ላይ የሚፈጸመው ነው። ወንዱ ጊታሪስት ስለ አምፕሊፋየሩና ስለ ዜማ አወጣጡ ሲጠየቅ፣ ሴቷ ጊታሪስት በወንዶች መካከል መሥራት ምን እንደሚመስል ብቻ የምትጠየቅ ከሆነ፣ በአርትዖት ጊዜ የእርሱ መልስ የሙዚቃው ታሪክ፣ የእርሷ ደግሞ የጎን ወሬ ሆኖ ይቀራል። ስለሆነም የውክልና መለኪያው የፊቶች ቁጥር ሳይሆን ሙዚቃውን የማብራራት ሥልጣን ለማን እንደተሰጠ ነው።

የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ስለ ካሜራ ሳይሆን ከቀረጻ በፊት ስለሚዘጋጀው የተጠያቂዎች ዝርዝር የሆነውም በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ ተሳታፊዎች ከታወቁት ስሞች ባሻገር የድምፅ ባለሙያዎችን፣ በራሪ ወረቀት ያባዙትን፣ አዳራሽ ያከራዩትንና ከዝና በፊት ከባንድ የወጡትን ማፈላለግ ይለማመዳሉ። ዐውደ ጥናቱ በይፋ ተከፍቷል።