ሊጡ ካሜራ አይጠብቅም

እሱ፦ ተማሪዎች «እንጀራ እንዴት ይጋገራል» የሚል የ3 ደቂቃ ቪዲዮ ሠርታችሁ አምጡ ተብለዋል እንበል። ቀላል አይደለም?

እሷ፦ ስልክ ይዞ ምጣድ ፊት መቆሙማ ቀላል ነው። ጣጣው ሊጡ ነው። ዛሬ ተለውሶ ዛሬ አይጋገርም፤ ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል፣ ብርድ ከሆነ ደግሞ ይቆያል። ስለዚህ ለመጋገሪያው ትዕይንት ቀድሞ የቦካ ሌላ ሊጥ መዘጋጀት አለበት።

እሱ፦ የቴሌቪዥን ምግብ አዘጋጆች ዘዴ!

እሷ፦ ታዲያስ! ግን ለተመልካቹ ይነገረው። አለዚያ አሁን የተለወሰው ወዲያው ዓይን የሚያወጣ ይመስለዋል።

እሱ፦ እኔን የሚያናድደኝ አብሲቱን ሲዘሉት ነው።

እሷ፦ ኧረ አታንሣብኝ! ከቦካው ሊጥ ትንሽ ተቀንሶ፣ በፈላ ውኃ እሳት ላይ እየተማሰለ ይበስልና በረድ ሲል ወደ ሊጡ ይመለሳል። ጀማሪው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እኔ ብሆን አንዱን ደቂቃ ሙሉ ለእሱ እሰጠው ነበር።

እሱ፦ ቀረጻውስ?

እሷ፦ ስልኩ በአግድም፣ ማቆሚያ ላይ። ዓይኑ ሲወጣ ከቅርብ ይቀረጽ፤ አክንባሎው ሲነሣ ግን ራቅ ይበሉ፣ እንፋሎቱ ሌንሱን ይሸፍነዋል። ትረካው በኋላ ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ለብቻው ይቀዳ።

እሱ፦ የመጀመሪያዋ እንጀራ ምጣዱ ላይ ብትያዝስ?

እሷ፦ ከቪዲዮው እንዳይቆርጧት! ምጣዱ አልጋለም፣ ወይም በጎመን ዘር በደንብ አልታሰሰም ብለው እዚያው ያስረዱባት።