የኤሌክትሪክ ዓሦችና ከአዲሎ የሚወርደው ውሃ

(በአዲሎ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



በአዲሎ አካባቢ የሚዘንበው ዝናብ ወደ ብላቴ ይወርዳል፤ ብላቴም አባያ ሐይቅ ይገባል። ከከምባታና ከሐድያ ደጋ ወደ ምዕራብ የሚፈሰው ግን ከኦሞ ተቀላቅሎ ቱርካና ላይ ያበቃል። መንገዳቸው ይለያይ እንጂ አንድ እንግዳ የዓሣ ወገን በአባያም በኦሞም ይገኛል፤ ይኸውም ኤሌክትሪክ አመንጪው አምባዛ ነው።

የኤሌክትሪክ ዓሣ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው ቶርፔዶ የተባለውን ጠፍጣፋ የባሕር ዓሣ ነው። ቶርፔዶ በቀይ ባሕርም ይኖራል፤ አሸዋ ለብሶ ተኝቶ ታዳኙን ይጠብቃል። ከራሱ ግራና ቀኝ በሚገኙት ሁለት ኩላሊት መሰል ብልቶች ውስጥ ስስ ሕዋሳት እንደ ሳንቲም ቁልል ተደራርበዋል። ቮልታ እ.ኤ.አ. በ1800 የመጀመሪያውን ባትሪ ሲያስታውቅ ከዚህ ዓሣ ብልት ጋር ማስተያየቱ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ለመሐንዲስ ትምህርት የሚሆነው የአደረጃጀታቸው ልዩነት ነው። የባሕር ውሃ ጨዋማ በመሆኑ ኤሌክትሪክን በቀላሉ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ቶርፔዶ ብዙ ቁልሎችን ጎን ለጎን አሰልፎ ቮልቴጁን ዝቅ፣ ከረንቱን ከፍ ያደርጋል። የወንዝና የሐይቅ ውሃ አስተላላፊነቱ ደካማ ነውና አምባዛው ሕዋሳቱን በተከታታይ ቀጥሎ እስከ 350 ቮልት ይደርሳል። ማመንጫን ከጭነቱ ጋር ማጣጣም ማለት ይኸው ነው።

የአምባዛው ብልት ከቆዳው ሥር ሆኖ ገላውን እንደ ካባ ይሸፍናል። ይህን ሁሉ የሚያዝዙት ግን ሁለት ግዙፍ የነርቭ ሕዋሳት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ለግራ፣ አንዱ ለቀኝ። እንዲህ ያለ ቁጠባ በየትኛው ማከፋፈያ ጣቢያ ይታያል? ቀን በድንጋይና በዛፍ ሥር መካከል ይሸሸጋል፤ ሌሊት ትናንሽ ዓሦችን አደንዝዞ ይበላል። ዐይኑ ትንሽ ቢሆንም ድፍርስ ውሃ አያስቸግረውም።

የአባያ ውሃ ደግሞ ድፍርስ ነው፤ ቀላ ያለ መልኩን ያገኘው ወንዞች ከሚያወርዱት ደለል ነው። ከዚያ ደለል ከፊሉ ከእነዚህ የታረሱ ቁልቁለቶች የተጠረገ አፈር ነው። ዓሣው ጨለማን ይችላል፤ መሸሸጊያው የድንጋይ ስንጥቅ በጭቃ ሲደፈን ግን 350 ቮልት አያድነውም። በብላቴ ላይ የመስኖ ጠለፋ የሚነድፍ መሐንዲስ የውሃውን መጠን እንደሚለካ ሁሉ ደለሉንም በየክረምቱ ይለካ፤ ከጠለፋው በላይ ያለውን የእርከን ሥራም የሌላ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነው ብሎ አይተወው።